ያኔ ቻት ስናደርግ የት ነበራችሁ? የሀዋሳ ልጆች በተለይ

የታቦር ልጅ — ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት።

ትናንት እናቴ ቤት የድሮ ሻንጣ ስጎረጉር አንድ ደብተር አገኘሁ። የሁለተኛ ዓመት የስታትስቲክስ ደብተሬ ነው። ከኋላ ስገልጠው ግን ስታትስቲክስ የለበትም። በእርሳስ የተጻፈ ዝርዝር ነው፦ «ስለ ፈተናው ንገራት። ፎቶው ደርሷት እንደሆን ጠይቅ። የእህቷ ሰርግ መቼ ነው? ለምን ተቀየምሽ?» የመጨረሻዋ ሥር ሁለቴ ተሰምሮባታል።

ለልጆቹ ላስረዳ። ጊዜው 1996 ዓ.ም ነው። የዛሬው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ያኔ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። ከተማ ውስጥ የምንሄደው በጋሪ ነው። ኢንተርኔት ቤት የሚከፈለው በደቂቃ ነበር። እኔ የምሄድበት ፒያሳ ያለው ቤት በደቂቃ 50 ሳንቲም ያስከፍላል። ግማሽ ሰዓት ከተቀመጥክ 15 ብር። 15 ብር ያኔ ለተማሪ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ የምለውን ሁሉ ዶርም ቁጭ ብዬ ደብተር ላይ አዘጋጅቼ፣ ፈተና እንደሚገባ ሰው በልቤ እየደገምኩ ነበር የምሄደው።

ልጅቷ የናዝሬት ልጅ ነች። (አዳማን ያኔ እኛ ናዝሬት ነበር የምንለው።) የተዋወቅነው ያሁ ቻት ሩም ውስጥ ነው። ያን ቀን እንደ ምንም ደፍሬ የመጨረሻዋን ጥያቄ ጻፍኩ። ከታች «እየጻፈች ነው» የሚለው መጣ። ጠፋ። እንደገና መጣ። ኪቦርዱ ላይ «ኤን» እና «ኤ» ፊደላቸው ተፍቆ አልቋል። እነሱን እነሱን እያየሁ ስጠብቅ መብራት ጥፍት።

ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ኧረ!» አለ። በዳበሳ ወጣሁ። ሂሳብ መክፈሌን እንኳ አላስታውስም። ከ9 ቀን በኋላ ብር አግኝቼ ስመለስ መልስ የለም። እሷ ልካዋለች፣ እኔ ጋ አልደረሰም። ዝም ያልኳት አውቄ መስሏት እሷም ዝም አለች። ምን ጽፋ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

የሚናፍቀኝ ፕሮግራሙ አይደለም። በር ያለው ነገር መሆኑ ነው። ትገባለህ፣ ሰላም ትላለህ። ደቂቃህ ሲያልቅ «ቻው፣ ቅዳሜ» ብለህ ትወጣለህ። ዛሬ ስልኬ ውስጥ 300 ሰው አለ። ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም።

እስቲ ትዝታችሁን አውጡት።


ቆሮሶ — ማክሰኞ፣ ማታ 2፡31

«ሰላም ትላለህ» ነው ያልከው? ኧረ አታስቀኝ ወንድሜ። ሰላምታው «ኤ ኤስ ኤል» ነበር። ዕድሜ፣ ፆታ፣ አድራሻ። ሰው የምትተዋወቅ ሳይሆን የቀበሌ መታወቂያ የምታወጣ ነው የሚመስልህ። እኔ 16 ዓመቴ ነበር፣ 24 ነኝ እላለሁ። ልጅቷም 24 ነኝ ትላለች። አሁን ሳስበው ያ ሩም ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ 24 ዓመቱ ነው።

ስሜ ደግሞ «ላቨር ቦይ» ሆኖ ከኋላው አራት ቁጥር ነበረው። ሌላ ኢሜል ስላልነበረኝ ሥራ ስፈልግ ሲቪዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ለፈተና ያልተጠራሁት ለምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።


አዲስ ገቢ — ማክሰኞ፣ ማታ 3፡02

ይቅርታ ግን፣ ምኑ ነው የሚናፍቀው? እኔ የተወለድኩት በ1996 ነው። ቴሌግራም ላይ ፎቶ አለ፣ ድምፅ አለ፣ ቪዲዮ አለ። በራሳችን ፊደል እንጽፋለን። እናንተ እኮ መብራት ሲጠፋ ፍቅራችሁም አብሮ ይጠፋ ነበር።


የታቦር ልጅ — ማክሰኞ፣ ማታ 3፡09

ስንት ግሩፕ ውስጥ አለህ?


አዲስ ገቢ — ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

41። 38ቱ ሚውት ናቸው።


የታቦር ልጅ — ማክሰኞ፣ ማታ 3፡11

ጨርሻለሁ።


ማንጎ — ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

እናንተ ወንዶች ሁሉን ነገር ፍቅር ታደርጉታላችሁ። አንድ ቀን በሴት ስም ገብታችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን አትሉም ነበር። ስሜን ጽፌ ሩም ከገባሁ ደቂቃ ሳይሞላ 15 መስኮት ይከፈትብኛል። ሁሉም «ሃይ» ነው። አንዱን ስዘጋ ሁለት ይመጣል፣ ዝንብ እንደማባረር። በዚያ ላይ ከወንበሬ ጀርባ ቆሞ ተራ የሚጠብቀው ልጅ ስክሪኔን እያነበበ «ተይው፣ አትመልሺለት» ብሎ ይመክረኛል።

መጨረሻ ላይ የወንድ ስም አወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ሆንኩ። ማንም አያስቸግረኝም፣ የምለውን ያነባሉ፣ ይከራከሩኛል። ድሬዳዋ ካለ አንድ ልጅ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ኳስ አውርቻለሁ። አርሰናል ሊጉን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የጨረሰበት ዓመት ነው። «አንተ ጀለስ» ነበር የሚለኝ። አያቴ የሞተች ሰሞን እንኳን ቁጭ ብሎ ያዳመጠኝ እሱ ነው። ሴት መሆኔን እስከ መጨረሻው አላወቀም። ፎቶ ቢኖር ኖሮ ያ ጓደኝነት ከየት ይመጣ ነበር?

ስለ ፊደል አዲስ ገቢ ያልከው ግን ልክ ነው። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፍ «ጠ» እና «ተ» አንድ ናቸው፣ «ቀ» እና «ከ»ም አንድ ናቸው፣ «ጠ» እና «ጥ»ም አይለዩም። አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ ለክረምት ልትመጣ ስትል ቻት ላይ «ጥላ ይዘሽ ነይ» ብዬ ጻፍኩላት። ልጅቷ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠላ በጄሪካን ታቅፋ መናኸሪያ ወረደች። ዝናቡ ደግሞ ያን ቀን አለ።


ኔትስፕሊት — ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

ስለ ያሁ ብቻ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከያሁ በፊት አይ አር ሲ የሚባል የቻት ዘዴ ነበር። ያርኮ ኦይካሪነን የሚባል ፊንላንዳዊ ኦሉ ዩኒቨርሲቲ እያለ እ.ኤ.አ. በ1988 የሠራው ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ማታ ማታ ኤም አይ አር ሲ በሚባለው ፕሮግራም ነበር የምገባው። ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። አንድ መልእክት ከነአድራሻው ከ512 ባይት (512 የእንግሊዝኛ ፊደል ያህል) አይበልጥም። ስለዚህ ሰው አጭር አጭር ነው የሚያወራው። ረጅም ስብከት የሚያመጣ ቢኖር ፕሮግራሙ ራሱ ይቆርጠዋል። ምነው ዛሬም በኖረ!

ኤም አይ አር ሲ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ላይ ተጭነህ ሰውየውን በትልቅ ዓሣ በጥፊ የምትመታበት ነገር ነበር። ዓሣው ትራውት ነው። እኛ ትራውትን የት እናውቀዋለን፤ ቆሮሶ ነው የመሰለን። (አንተ ቆሮሶ፣ ይቅርታ።) አንዱ የሐይቅ ዳር ልጅ ሲመታ «ጥሬ ነው ጥብስ?» ብሎ ጻፈ። ኖርዌይ ሆኖ የመታው ፈረንጅ እስካሁን አልገባውም።

ስሜ ከየት እንደመጣም ልንገራችሁ። አይ አር ሲ በአንድ ሰርቨር (መልእክት በሚያስተላልፍ ኮምፒውተር) አይሠራም። ብዙ ሰርቨሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተያይዘው ነው። አንዱ መስመር ሲበጠስ ሩም ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ፌዝ ሲሄድ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሰፈር ጨልሞ ከአስፋልቱ ወዲህ እንደሚበራው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ሁለቱም ወገን «እነሱ ጠፉ» ነው የሚለው። ይህ ኔትስፕሊት ይባላል።

ማን ገደለው ካላችሁ ስልክ ነው። አይ አር ሲ ምንም አያስቀምጥልህም። ከሌለህ የተባለው አለፈህ፣ በቃ። ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ለሚል ሰው ችግር የለውም። ስልክ ግን ኪስ ሲገባ ያንቀላፋል፣ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ይዘላል፣ በየደቂቃው ወጣ ገባ ነው። ዋትስአፕና ቴሌግራም መልእክቱን ይዘው ይጠብቁሃል። በዚያ ተሸነፈ።

ሌላው የድርጅቶቹ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የያሁና የኤም ኤስ ኤን (የማይክሮሶፍት ቻት) ሰው እርስ በርሱ መጻጻፍ ይችል ነበር፤ ብዙ ሰው ረስቶታል። በ2012 መጨረሻ አቆሙት። ያሁ የቻት ሩሞቹን የዘጋውም ያኔ ነው። ቀጥሎ ኤም ኤስ ኤን ወደ ስካይፕ ተጠቀለለ። ያሁ ሜሴንጀር በ2018 ተዘጋ። አይ ሲ ኪው፣ ያ መልእክት ሲመጣ «ኦ ኦ» የሚለው፣ እስከ 2024 ቆይቶ ሄደ። ኤም ኤስ ኤንን የዋጠው ስካይፕም በ2025 ተከተለ። የሚገርመው፣ አሮጌው አይ አር ሲ እስከ ዛሬ አለ። ባለቤት ስለሌለው የሚዘጋውም የለም።


አቶቴ — ረቡዕ፣ ማታ 1፡15

እኔ ደስታችሁን ላበላሽ። አንድ ነገር ረስታችኋል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ እስከ መስከረም 2000 ዓ.ም የሞባይል አጭር መልእክት ዝግ ነበር። ሁለት ዓመት ከምናምን! ሞባይል የያዘው ሰው እንኳን አጭር ነገር ለማለት ኢንተርኔት ቤት ይሄድ ነበር። ይህ አማራጭ ማጣት እንጂ ወርቃማ ዘመን አይባልም። ለኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተሰልፋችሁ ስትጨርሱ «ያ ሰልፍ ደስ ሲል!» እንደማለት ነው።

የናፈቃችሁ ደግሞ ቻት አይደለም። ያኔ ጀርባችሁን የማያማችሁ መሆኑ ነው።


ኔትስፕሊት — ረቡዕ፣ ማታ 1፡22

እኔን ያኔም ያመኝ ነበር። ያ የኮምፒውተር ክፍል ወንበር!


ማንጎ — ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

አቶቴ፣ ሰልፉም ቢሆን ደስ ይል ነበር። እኔ የዛሬዋን የቅርብ ጓደኛዬን ያገኘኋት ኢንተርኔት ቤት ወረፋ ላይ ነው። ቻት ላይ ያገኘኋቸው ሁሉ የሉም፣ ከኋላዬ የቆመችው አለች።


ባህር ማዶ — ሐሙስ፣ ሌሊት 9፡48

ከዲሲ ነኝ። እዚህ ገና ማታ ነው።

እኔ የሌላኛው ጫፍ ሰው ነኝ። ያኔ ሌሊት ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። በቀን ተኝቼ ከሰዓት ላይ ላይብረሪ ሄጄ በነፃ ኮምፒውተር ቻት እገባለሁ። እናንተ በደቂቃ ስትከፍሉ እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ «እዚያ ዘንቧል? ማንጎው ደረሰ?» እያልኩ አደርቃችሁ ነበር። ይቅር በሉኝ። ሳንቲማችሁን መብላቴ አይገባኝም ነበር።

ከወንድሜ ጋር ግን በሰዓት ምክንያት ስንቴ ተላልፈናል! «2 ሰዓት ላይ እገባለሁ» ይለኛል። በሀበሻ ነው በፈረንጅ? ማታ ነው ቀን? 7 ሰዓት ልቀንስ 8? እዚህ በክረምትና በበጋ ሰዓቱን ይቀይሩታል። እሱ ፒያሳ ገብቶ ከፍሎ ይጠብቃል፣ እኔ ከስድስት ሰዓት በኋላ እደርሳለሁ። ሳገኘው ያለው ነገር አንድ መስመር ነው፦ «ጠበቅኩህ። 20 ደቂቃ።» ደቂቃውን ይጽፈዋል፣ እንዲያመኝ።

ያ ወንድሜ አሁን በየቀኑ ቪዲዮ ይደውልልኛል። አንዳንዴ አላነሳም። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።


ባለ ደብተሯ — ሐሙስ፣ ማታ 2፡05

ሦስት ቀን ሙሉ ሳነባችሁ ነበር። ከ1995 እስከ 1999 ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። እስቲ ከጠረጴዛው ወዲህ የነበረውን ልንገራችሁ።

8 ኮምፒውተር፣ አንድ የስልክ መስመር። ስምንቱም ሲያዙ አንድ ገጽ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ባለቤቱ ረስቶ ስልኩን ካነሳ ስምንቱም ይቆረጣል፣ ስድቡ እኔ ላይ። ማታ ስዘጋ የማውሶቹን ኳስ አንድ በአንድ አውጥቼ ውስጣቸውን በጥፍሬ እፍቅ ነበር። ማውስ ውስጥ ኳስ ነበረች፤ ቆሻሻ ሲይዛት ቀስቷ አልንቀሳቀስ ትላለች። የጥፍሬ ሥር ሁልጊዜ ጥቁር ነበር።

ዲቪ በኢንተርኔት ብቻ ይሞላ የተባለው በ1996 ነው። ኅዳር ላይ ሰልፉ እስከ መንገድ ይወጣል። ባለቤቱ «የቻት ልጆች ተነሱ!» ይላል። እኔ ዝም ብዬ አምስት አምስት ደቂቃ እጨምርላችሁ ነበር። ታውቁ ነበር?

አንድ ጋሼ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ይመጣሉ። ልጃቸው ሮም ናት። መጻፍ ስለማይችሉ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እሷ የጻፈችውን አነብላቸዋለሁ። አንድ ቀን የሆነ ቀልድ ጻፈችላቸው። ጋሼ ዝም አሉ። «ምን ልበላት?» አልኳቸው። «ስቄያለሁ በያት» አሉኝ። ዞር ስል ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ስቋል» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ ሁለት ነጥብና ቅንፍ አደረግኩ። ቢጫ ሆኖ ሲስቅ አይተው «ይሄ ማነው?» አሉኝ።

እኔም ደብተር አለኝ። መግቢያ፣ መውጫ፣ ሂሳብ። ሁሉንም አልጣልኳቸውም። የታቦር ልጅ፣ መብራት የጠፋው መቼ ነው ያልከው?


አዲስ ገቢ — ሐሙስ፣ ማታ 2፡20

እትዬ፣ ስለ ጋሼ ያሉትን ለእናቴ አነበብኩላት። አለቀሰች።


ባለ ደብተሯ — ሐሙስ፣ ማታ 2፡24

እትዬ አትበለኝ፣ ገና ልጅ ነኝ። 24 ዓመቴ ነው።


የታቦር ልጅ — ሐሙስ፣ ማታ 2፡40

ግንቦት ላይ ነው። ሐሙስ እንደነበር አውቃለሁ፣ በማግስቱ ፈተና ነበረኝ። ለምን ጠየቅሽኝ? ልቤ መምታት ጀመረ።


ኔትስፕሊት — ዓርብ፣ ቀን 7፡00

እሷ ደብተሯን እስክትፈልግ አንድ ሐሳብ። ሊቤራ ቻት ላይ አንድ ቻናል ከፍቻለሁ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሪኖድ የሚባለው የአይ አር ሲ ኔትወርክ ሲናጋ ሠራተኞቹ ወጥተው ያቋቋሙት ኔትወርክ ነው። ብሮውዘር ይበቃል፣ ስልክ ቁጥር አይጠይቅም። ቅዳሜ 2 ሰዓት እንገናኝ።


ባህር ማዶ — ቅዳሜ፣ ቀን 8፡25

ማንም የለም እንዴ? እዚህ ገና ጠዋት ነው፣ በዕረፍት ቀኔ ተነስቼ ነው የገባሁት።


ቆሮሶ — ቅዳሜ፣ ቀን 8፡31

ወንድም፣ ማታ 2 ሰዓት ነው። ከ20 ዓመት በኋላም?


አዲስ ገቢ — ቅዳሜ፣ ማታ 4፡12

እሺ፣ ልናገር። 7 ሰው ነበርን። መጀመሪያ ፋራ ነገር መሰለኝ። ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ጽሑፍ። ግን ሰላም ስል ሁሉም ሰላም አሉኝ፣ ሁሉም! አንድ ሰው ሲጽፍ ሌላው ይጠብቃል። ማንጎና አቶቴ ስለ አርሰናል ተጣሉ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

መሃል ላይ ስልክ ተደወለልኝ። አውርቼ ስመለስ ከቻናሉ ወጥቻለሁ። ተመልሼ ገባሁ፣ ወደ ላይ ብስብ ብስብ ባዶ ነው። «ምን ተባለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ማንጎ «እዚህ ብትሆን ትሰማ ነበር» አለችኝ። ተናደድኩ። ከዚያ በኋላ የመጣ ስልክ ግን አላነሳሁም።


አቶቴ — ቅዳሜ፣ ማታ 4፡20

ጀርባዬን አሞኛል። የሚቀጥለው ቅዳሜም አለ ወይ?


ባለ ደብተሯ — እሑድ፣ ቀን 10፡30

አገኘሁት። ሐሙስ፣ ግንቦት 12 ቀን 1996። ገጹ መሃል ላይ «መብራት ጠፋ» ብዬ በቀይ ጽፌያለሁ። ስምንት ሰው ነበር። ሰባቱ ከፍለዋል። ያልከፈለው 6 ቁጥር ነው። 9፡05 ገብቷል፣ 27 ደቂቃ፣ 13 ብር ከ50። ከደመወዜ ተቆርጧል። የታቦር ልጅ፣ እስቲ እውነቱን።


የታቦር ልጅ — እሑድ፣ ቀን 10፡34

እኔ 2 ቁጥር ነበርኩ! መስኮቱ ሥር! «ኤን» እና «ኤ» የጠፉበት!


ባለ ደብተሯ — እሑድ፣ ቀን 10፡41

2 ቁጥር ከፍሏል። 18 ብር። ፊደሎቹም የጠፉት እዚያው ነው። እሺ፣ ነፃ ነህ።


ቆሮሶ — እሑድ፣ ቀን 10፡43

እኔም አይደለሁም። እኔ 24 ዓመቴ ስለነበረ በክብር ነው የምከፍለው።


ጥግ ላይ — እሑድ፣ ማታ 3፡55
(የመጀመሪያ ጽሑፍ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ቤት ሦስት ዓመት ሳነብ ጽፌ አላውቅም።

6 ቁጥር እኔ ነኝ። እህቴ፣ ብሩን የት ላምጣልሽ?